የተነጠለ የቨርቹዋል ማሽን ላብ፦ ስለ ኢንተርኔትና ዲኤንኤስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባለው ሰፈር ኔትወርክ የሚማር፣ የሚያስተምር ወይም ቢሮ ውስጥ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ላፕቶፑ ላይ ትንሽ ላብ፣ ማለትም በሶፍትዌር ከተፈጠሩ ኮምፒውተሮች (ቨርቹዋል ማሽኖች) የተሠራ የመለማመጃ ኔትወርክ፣ አያጣም። የሚነሱት ጥያቄዎችም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። ብዙዎቹ «ኢንተርኔት እምቢ አለኝ» ብለው ይጀምሩና ሲመረመሩ የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት) ጉዳይ ሆነው ይገኛሉ። እዚህ የሰበሰብናቸው እነሱን ነው።

ለምሳሌ የምንጠቀምበት ላብ ሦስት ማሽን አለው። «ቸርችል» ራውተሩ ነው፣ አድራሻው 10.77.0.1። «አራዳ» ዶሜይን ኮንትሮለሩ (የተጠቃሚዎችንና የማሽኖችን መግቢያ የሚቆጣጠረው) እና ዲኤንኤስ ሰርቨሩ ነው፣ 10.77.0.10። «ልደታ» ተራ የዊንዶውስ ክላየንት ነው። ዶሜይኑ ፒያሳ ዶት ቴስት ይባላል። ማሽኑ ላይ ስትጽፉ ስሞቹን በላቲን ፊደል አድርጓቸው፤ የግዕዝ ፊደል ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ኢንተርኔት ካለው እንዴት «የተነጠለ» ይባላል?

መነጠል ገመድ መቁረጥ አይደለም። ላቡ ውስጥ የሚሆነው ነገር፣ ማለትም አይፒ ማደሉ፣ የስም ምዝገባው፣ የተበላሸው ሙከራ፣ ወደ ቢሮው ወይም ወደ ቤቱ ኔትወርክ አይፈስም ማለት ነው። ውጭ ያለ ማሽንም ዝም ብሎ ወደ ላቡ አይገባም። ከውስጥ ተነስቶ የሚወጣ ጥያቄ ግን ማለፍ ይችላል። አጥሩ ሙሉ የሆነ፣ አንድ በርና አንድ ዘበኛ ያለው ግቢ አድርጋችሁ አስቡት።

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ፦ ትራፊክ የሚያወጣው ማሽን አንድ ይሁን፤ ውጭ ያለ ስም የሚያስጠይቀውም ማሽን አንድ ይሁን። በምሳሌያችን ትራፊኩን የሚያወጣው ቸርችል ነው፤ ልደታ የማንንም ስም ቢፈልግ የሚጠይቀው አራዳን ብቻ ነው። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከነዚህ ሁለቱ አንዱ ሲጣስ የሚመጡ ናቸው።

ቨርቹዋልቦክስ (ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬድ ፕሮግራም) ውስጥ የትኛውን የኔትወርክ ዓይነት ልምረጥ?

ለላቡ ውስጥ «ኢንተርናል ኔትወርክ»ን ምረጡ። ማሽኖቹ እርስ በርስ ብቻ ይተያያሉ፤ ሆስቱ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው ላፕቶፕ) ራሱ እንኳ አያያቸውም። ለቸርችል ሁለት የኔትወርክ ካርድ ስጡት፣ አንዱ «ኤንኤቲ» (ማሽኑን በሆስቱ በኩል ወደ ውጭ የሚያወጣው)፣ ሌላው ያው ኢንተርናል ኔትወርክ። በቃ።

ራውተር ማሽን ለማቆም ራም የሚያንሰው ላፕቶፕ ያለው ሰው «ኤንኤቲ ኔትወርክ» የሚባለውን ይጠቀም። ስሙ ከ«ኤንኤቲ» ጋር ስለሚመሳሰል ያምታታል እንጂ ሌላ ነገር ነው፦ ማሽኖቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ሁሉም በአንድ በር ይወጣሉ። ጌትዌዩ (የመውጫ በሩ) ሳትነኩት 10.0.2.1 ነው። የራሱ ዲኤችሲፒ (አይፒ የሚያድል አገልግሎት) ስላለው ግን አራዳ አይፒ እንዲያድል የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ የሱን አጥፉ። አለበለዚያ ልደታ አንድ ቀን ከአራዳ፣ አንድ ቀን ከቨርቹዋልቦክስ አድራሻ ይወስድና «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚባለው ነገር ይጀምራል።

«ሆስት ኦንሊ» ከሆስቱ ላይ ሆናችሁ በኤስኤስኤች ወይም በሪሞት ዴስክቶፕ ለመግባት ጥሩ ነው፤ በተለምዶ 192.168.56.0 ላይ ነው የሚቀመጠው። ኢንተርኔት ግን አያመጣም። ከሱ ኢንተርኔት የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው።

ሁለቱም ማሽኖቼ 10.0.2.15 ሆኑ። ተጋጩ እንዴ?

አልተጋጩም። በተራው «ኤንኤቲ» እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው የራሱ ትንሽ ራውተር ጀርባ ነው የሚቀመጠው፤ ሁሉም 10.0.2.15 ይሰጠዋል፣ ጌትዌዩ 10.0.2.2 ይሆናል። ኢንተርኔት ሁለቱም ጋ ይሠራል፣ እርስ በርስ ግን ፒንግ አይደራረጉም። ዶሜይን ልትሠሩ ካሰባችሁ በዚህ መንገድ አይሆንም።

ቪኤምዌር ላይ ጌትዌዩን በእጄ .1 ብዬ ሰጠሁት፣ ኢንተርኔት ጠፋ።

በቪኤምዌር ወርክስቴሽን ኤንኤቲው ቪኤምኔት8 የሚባለው ነው፤ እዚያ .1 የሆስቱ ካርድ ነው፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው .2 ነው። ዲኤንኤስ ጥያቄ የሚያስተላልፈውም ያው .2 ነው። አይፒ በእጅ ስትሰጡ .2 አድርጉት፣ ይሠራል። ወርክስቴሽን ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነፃ ስለሆነ ይህ ጥያቄ በዝቷል።

ሃይፐር-ቪ ላይስ? «ዲፎልት ስዊች» አይበቃም?

ለአንድ ማሽን ይበቃል፣ ለላብ አይበቃም። ዲፎልት ስዊች ዊንዶውስ 10 ላይ ከ1709 እትም ጀምሮ የመጣ ነው፤ ኢንተርኔትም ዲኤንኤስም ያለ ምንም ሥራ ይሰጣል። ችግሩ ሆስቱ ጠፍቶ ሲነሳ ሰብኔቱ ሊቀየር መቻሉ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የአድራሻ ክልሉ የሚለወጥ ላብ ላይ ቋሚ አይፒ ያለው ዶሜይን ኮንትሮለር አይቆምም።

የሚሻለው በፓወርሼል «ኢንተርናል» ዓይነት ስዊች ፈጥሮ፣ ለሆስቱ ካርድ 10.77.0.1ን ሰጥቶ፣ ከዚያ «ኒው-ኔትናት» በሚለው ትዕዛዝ 10.77.0.0/24ን ማስወጣት ነው። እንዲህ ስታደርጉ ቸርችል አያስፈልግም፣ ሆስቱ ራሱ በሩ ይሆናል። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ፦ ይሄ ኤንኤቲ አይፒ አያድልም፣ ዲኤንኤስም አይመልስም። ማደሉም መመለሱም የአራዳ ሥራ ነው። በአንድ ሆስት ላይ ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ኤንኤቲ ለማቆምም አትሞክሩ።

ብሪጅድ ቀላል አይደለም? ወዲያው ኢንተርኔት ይሰጠኛል።

ይሰጣል። ግን ያን ጊዜ ላባችሁ የተነጠለ አይደለም፣ የቢሮው ኔትወርክ አካል ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ አንድ ቢሮ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ኢንተርኔት አጥቶ ነበር። የአንዱ ሰው ላፕቶፕ ላይ ብሪጅድ የሆነ ዊንዶውስ ሰርቨር የዲኤችሲፒ ሮል ተጭኖበት ለመላው ፎቅ አይፒ ያድል ነበር። ራሱ በፈጠረው ዶሜይን ውስጥ «ኦተራይዝ» ተደርጓል (አይፒ እንዲያድል ተፈቅዶለታል)፤ ስለዚህ የሚያቆመው ነገር የለም። አታሚው፣ የገንዘብ ያዧ ኮምፒውተር፣ የእንግዳው ስልክ፣ ሁሉም ጌትዌይ ብለው የያዙት ያንን ላፕቶፕ ነበር። ላፕቶፑ ተዘግቶም ችግሩ ቶሎ አልለቀቀም፣ የታደለው አድራሻ ጊዜው እስኪያልቅ ስለሚቆይ።

ብሪጅድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፣ ለምሳሌ እውነተኛ ስዊች ወይም የአይፒ ካሜራ ስትሞክሩ። ለዶሜይን ላብ ግን አያስፈልግም። በዋይፋይ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱም በደንብ አይሠራም፣ አክሰስ ፖይንቶች ከአንድ ካርድ ብዙ የማክ አድራሻ ሲመጣባቸው አይወዱም።

8.8.8.8 ፒንግ ይመልሳል፣ ድረ-ገጽ ግን አይከፈትም። ወይም ድረ-ገጹ ይከፈታል፣ ዶሜይን መቀላቀል ግን እምቢ ይላል።

የመጀመሪያው ግልጽ ነው፦ መንገድ አለ፣ ስም የሚመልስ የለም። ሁለተኛው ነው ብዙ ሰው የሚያደክመው፤ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ልደታ ዶሜይን ለመቀላቀል አራዳ የሚለውን ስም ብቻ አይደለም የሚፈልገው። «የፒያሳ ዶት ቴስት ዶሜይን ኮንትሮለር ማነው?» ብሎ ኤስአርቪ የሚባለውን ሬከርድ ይጠይቃል። ይህን ሬከርድ የሚያውቀው አራዳ ብቻ ነው። ልደታ ላይ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 ካላችሁት ጥያቄው ከሀገር ይወጣና «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል፤ ለዚህ ነው ጥፋቱ ሌላ ቦታ የሚፈለገው።

«እሺ፣ አንደኛ አራዳን፣ ሁለተኛ 8.8.8.8ን ልስጠው፤ አንዱ ካላወቀ ሌላውን ይጠይቅ» የሚል ሐሳብ ሁሉም ሰው ይመጣለታል። እንዲያ አይሠራም። ሁለተኛው የሚጠየቀው አንደኛው *ዝም* ሲል ነው፤ «የለም» ብሎ ከመለሰ ያ መልስ ነው፣ ጉዳዩ ተዘጋ። አራዳ ገና እየተነሳ ሳለ አንዴ ቢዘገይ ደግሞ ልደታ ወደ 8.8.8.8 ይዞርና «ፒያሳ ዶት ቴስት የለም» የሚለውን ሰምቶ ይቀመጣል። ውጤቱ አንዳንዴ የሚገባ፣ አንዳንዴ የማይገባ ሎግኢን ነው። ከማይሠራ ላብ ይልቅ አንዳንዴ የሚሠራ ላብ ይከፋል፤ የቱን እንደምታስተካክሉ አታውቁም።

ስለዚህ ልደታ ላይ ያለው ዲኤንኤስ አንድ ብቻ ይሁን፦ 10.77.0.10። ሁለተኛውን ሳጥን ባዶ ተዉት፤ ወይም ሁለተኛ ዶሜይን ኮንትሮለር ካላችሁ እሱን ጻፉ። አራዳ የማያውቀውን ስም ራሱ ወደ ውጭ ያስጠይቃል፣ ፎርዋርደር የሚባለው ለዚህ ነው።

ስታጣሩ «ኤንኤስሉክአፕ»ን ተጠቀሙ፣ በፓወርሼል ደግሞ «ሪዞልቭ-ዲኤንኤስኔም»ን። ፒንግ ሆስትስ ፋይልንም ካሽንም (ቀድሞ የተቀመጠ መልስ) ስለሚያይ የተሳሳተ ተስፋ ይሰጣል፤ ኤንኤስሉክአፕ ግን በቀጥታ ሰርቨሩን ነው የሚጠይቀው። መጨረሻ ላይ አራዳን፣ ከዚያ ቸርችልን፣ ከዚያ 8.8.8.8ን በየተራ እየጠቀሳችሁ አንዱን ስም ጠይቁ። የትኛው ጋ እንደሚቆም ወዲያው ታያላችሁ። ከጥገና በኋላ «አይፒኮንፊግ ፍላሽዲኤንኤስ» ማለት አትርሱ፤ ዊንዶውስ «የለም» የሚለውንም መልስ ለጥቂት ጊዜ ያስታውሰዋል።

ኤንኤስሉክአፕ ሰርቨሩን «አንኖውን» ይለዋል። ተበላሸ ማለት ነው?

አይደለም። ለ10.77.0.10 ከአይፒ ወደ ስም የሚመልስ ዞን ስለሌለ ነው። ሪቨርስ ዞን ብትሠሩ ይጠፋል፣ ባትሠሩም ላቡ ይሠራል።

ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ ራሱ ሁለተኛ የኤንኤቲ ካርድ ብጨምርስ? ራውተር ከማቆም አይቀልም?

ይቀላል፣ ሁሉም ሰው የሚጀምረውም እንዲያ ነው። ግን የሚከተለውን ተመልከቱ። አራዳ ሁለት ካርድ አለው እንበል፣ 10.77.0.10 እና ከኤንኤቲው ያገኘው 10.0.2.15። ዊንዶውስ ሁለቱንም አድራሻ «እኔ አራዳ ነኝ» ብሎ ዲኤንኤሱ ላይ ይመዘግባል። ልደታ «አራዳ የት ነው?» ሲል ሁለት መልስ ይደርሰዋል። 10.0.2.15ን ከመረጠ የሚደርስበት መንገድ የለም፤ ይጠብቃል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይተወዋል። ዲኤንኤስ ማኔጀርን ከፍታችሁ ፒያሳ ዶት ቴስት ዞን ውስጥ ከላይ «ሴም አዝ ፓረንት» የሚለው መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፎ፣ አንዱ 10.0.2.15 ከሆነ ጉዳዩ ይኼው ነው።

መፍትሔው ሁለት ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ አድርጎ ይተወዋል። አንደኛ፣ በኤንኤቲው ካርድ የአይፒ ቅንብር ውስጥ አድቫንስድ ገብታችሁ ዲኤንኤስ በሚለው ገጽ ላይ ይህን ካርድ መዝግብ የሚለውን ምልክት አንሱ። ሁለተኛ፣ በዲኤንኤስ ማኔጀር የሰርቨሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ኢንተርፌስስ» ላይ 10.77.0.10 ብቻ ያዳምጥ በሉ፤ ዲኤንኤስ ሰርቨሩ የሚያዳምጥባቸውን አድራሻዎች ራሱ ስለሚመዘግብ የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃም። ከዚያ የተሳሳተውን ሬከርድ በእጅ አጥፉት።

ይህን ሁሉ ማድረግ ይቻላል። እኛ ግን ራውተሩን ለብቻ እናቆማለን፤ ትንሽ ሊኑክስ በ512 ሜጋባይት ራም ይሠራል፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩም አንድ ካርድ ብቻ ይዞ በሰላም ያድራል።

ፎርዋርደሩ ማን ይሁን? 8.8.8.8፣ 1.1.1.1 ወይስ ሌላ?

ቤት ውስጥ ብቻ የሚሠራ ላብ ከሆነ የትኛውም ይሆናል። ላፕቶፑ ጠዋት ሜክሲኮ ቢሮ፣ ቀን አራት ኪሎ ካፌ፣ ማታ ቤት የሚውል ከሆነ ግን 8.8.8.8ን አራዳ ላይ መጻፍ አያዋጣም። አንዳንድ ቢሮ ከራሱ ዲኤንኤስ ሰርቨር ውጭ በፖርት 53 የሚወጣን ሁሉ ይዘጋል፤ ሆስቱ ላይ ድረ-ገጽ ይከፈታል፣ ላቡ ውስጥ አይከፈትም።

የምንመክረው ይህን ነው፦ የአራዳ ፎርዋርደር ቸርችል ይሁን፣ 10.77.0.1። ቸርችል ላይ ዲኤንኤስማስክ (የዲኤንኤስ ጥያቄ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) ወይም ፒኤፍሴንስ (ማሽኑን ራውተር የሚያደርግ ሲስተም) አድርጉና እሱ በበኩሉ ውጭ ባገኘው ኔትወርክ በዲኤችሲፒ የተሰጠውን ሰርቨር ይጠይቅ። ፒኤፍሴንስ በራሱ ልማድ ከሩት ሰርቨሮች ጀምሮ ራሱ ስለሚጠይቅ «ፎርዋርዲንግ» የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ቦታ ስትቀይሩ የሚለወጠው የቸርችል ጀርባ ብቻ ነው፤ አራዳም ልደታም የሆነውን አያውቁም።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ታይምድ አውት» ብሎ ሁለተኛው ወዲያው ከመለሰ አትደንግጡ። ኤንኤስሉክአፕ የሚታገሠው 2 ሰከንድ ነው፤ ኮኔክሽኑ ዝግ ሲል መልሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፣ ሰርቨሩ ግን ይይዘዋል። በሁለተኛው ጊዜ የምታዩት ካሽ ውስጥ የገባውን ነው።

ፎርዋርደር የሚለው ገጽ ደብዝዞ አይነካም።

በቆዩ የዊንዶውስ ሰርቨር ላቦች ላይ የሚያጋጥም ነው። በፎርዋርድ ዞኖቹ ውስጥ ስሙ ነጥብ ብቻ የሆነ ዞን ፈልጉ። ይህ ዞን ሲኖር ሰርቨሩ «ከኔ በላይ ማንም የለም» ብሎ ስለሚያምን ወደ ውጭ አይጠይቅም። ኢንተርኔት በሌለበት ሲጫን ራሱ ይፈጥረው ነበር። አጥፉት፣ ሰርቪሱን አስነሡት።

ዶሜይኔን ምን ብዬ ልሰይመው? ዶት ሎካል? ዶት ኮም?

ዶት ቴስት በሉት። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለሙከራ ተብሎ የተከለለ ስም ነው፣ ማንም አይገዛውም። ለቋሚ የውስጥ ኔትወርክ ደግሞ አይካን (የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው ድርጅት) በ2024 ዶት ኢንተርናልን ለይቶ አስቀምጧል።

ዶት ሎካል የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙ የሥልጠና መጽሐፍም እስካሁን እሱን ይጽፋል። ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለመልቲካስት ዲኤንኤስ (ማሽኖች ያለ ሰርቨር ስም የሚጠያየቁበት መንገድ) የተያዘ ነው። ዊንዶውስ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ኡቡንቱ ወይም ማክ ስታስገቡ ነው ስሙ ወደ አራዳ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚቀረው።

ከዚህ የከፋው የመሥሪያ ቤታችሁን እውነተኛ ዶሜይን ላቡ ውስጥ መጠቀም ነው። አራዳ «የዚህ ዞን ባለቤት እኔ ነኝ» ስለሚል የመሥሪያ ቤቱ ድረ-ገጽ ከላቡ ውስጥ አይከፈትም፤ በእጅ ሬከርድ ካልጨመራችሁ በቀር። ዶት ዴቭ ደግሞ የጉግል ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ክሮም ዶት ዴቭ የሚለውን ሁሉ በኤችቲቲፒኤስ ካልሆነ አልከፍትም ሲል ላባቸውን በዚያ ስም የሠሩ ሰዎች ተቸግረዋል።

ሆስቱ ከቤት ዋይፋይ ጋር ሲሆን ላቡ ኢንተርኔት የለውም፣ በስልክ ሆትስፖት ግን ይሠራል።

የላባችሁ ሰብኔት ስንት ነው? 192.168.1.0 ከሆነ አገኘነው። የብዙ ቤት ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ነው፤ ፒኤፍሴንስም ሲጫን ለውስጥ በኩል የሚይዘው ያንኑ ነው። ቸርችል ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት ሰብኔት ሲያይ ፓኬቱን በየት በኩል እንደሚልክ አያውቅም። የአይፎን ሆትስፖት ደግሞ 172.20.10 ላይ ስለሆነ አይጋጭም፤ ለዚህ ነው በስልክ የሠራው። በ10 ከሚጀምረው ክልል የማይዘወተር ቁጥር ምረጡ። 10.0.0 እና 10.0.2ን አትንኩ፤ 77ን የመረጥነው ማንም ስለማይመርጠው ነው።

ካፌ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ኮድ የሚያስገባ ገጽ ያለው ዋይፋይ ከሆነ መጀመሪያ ሆስቱ ላይ ግቡ። እስከዚያ ድረስ ዋይፋዩ ለየትኛውም ስም የራሱን ገጽ አድራሻ ሊመልስ ይችላል፤ አራዳ ያንን ካሽ ካደረገው ከገባችሁ በኋላም የተሳሳተ ገጽ ይመጣባችኋል። የአራዳን ካሽ አጽዱ።

«ኖ ኢንተርኔት» ይላል፣ ግን ድረ-ገጽ ይከፈታል።

ዊንዶውስ ኢንተርኔት መኖሩን የሚያውቀው ከማይክሮሶፍት አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል በማውረድና አንድ የታወቀ ስም በመጠየቅ ነው። ያ ሙከራ ከታገደ ወይም ከዘገየ ምልክቱ ይዋሻል። ምልክቱን ሳይሆን ኤንኤስሉክአፕን እመኑ።

አንድ ሌሊት ላቡን ከፍቼ ብተኛ የሞባይል ዳታዬ አለቀ።

አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ባገኘ ሰዓት አፕዴት ይጀምራል፤ አምስት ማሽን ካላችሁ ያንኑ ነገር አምስት ጊዜ ሊያወርድ ይችላል። አንድ በር ብቻ መኖሩ የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ ቸርችልን ፖዝ አድርጉት። ላቡ በሙሉ ይሠራል፣ ዶሜይኑ ይሠራል፣ ስም ይመለሳል፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ሲያስፈልግ መልሳችሁ አስነሡት። በየማሽኑ «ሚተርድ» የሚለውን ማብራት እንዲሁ ያግዛል፣ ግን አንዱን መርሳት ቀላል ነው።

ሊኑክስ ማሽን ከበዛባችሁ ቸርችል ላይ አፕት-ካሸር-ኤንጂ አድርጉ። አንድ ፓኬጅ አንዴ ይወርዳል፣ ሌሎቹ ከዚያው ይወስዳሉ።

ስሙ ይመለሳል፣ ፒንግ ይሠራል፣ ሎግኢን ግን እምቢ።

ሰዓቱን እዩ። ከርቤሮስ (ዶሜይኑ ሎግኢንን የሚያረጋግጥበት ሥርዓት) በክላየንቱና በሰርቨሩ መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገሥም። ማሽን ሴቭ ተደርጎ ወይም ስናፕሾት (ቀድሞ የተቀመጠ የማሽኑ ሁኔታ) ተመልሶ ሲነሳ ሰዓቱ ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ከኛው ልማድ የሚመጣም አለ፦ ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር የሚያስተካክል ሰው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ 3:00 ብሎ ይሞላል፤ ማሽኑ ግን 9:00 ነው የሚጠብቀው። ስድስት ሰዓት ልዩነት ደግሞ ዶሜይኑን ብቻ ሳይሆን የድረ-ገጾችን ሰርተፍኬትም ሊያስቀይም ይችላል። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» ምረጡ፣ አዲስ አበባ ለብቻዋ አልተጻፈችም፤ ሊኑክስ ላይ ግን አለች። አራዳ ሰዓቱን ከውጭ ይውሰድ፣ ሌሎቹ ከአራዳ።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖ «ትረስት ሪሌሽንሺፕ» የሚል ስሕተት ከመጣ ዲኤንኤስ አይደለም። የልደታን የቆየ ስናፕሾት መልሳችኋል፤ የማሽኑ የይለፍ ቃል በየ30 ቀኑ ስለሚቀየር አራዳ አዲሱን፣ ልደታ አሮጌውን ይዘዋል። «ቴስት-ኮምፒውተርሴኪዩርቻነል» ከ«ሪፔር» ጋር ያስተካክለዋል፤ ከዶሜይን ማስወጣትና መልሶ ማስገባት አያስፈልግም።

ኡቡንቱ ላይ ዲኤንኤሱን ጻፍኩ፣ ሲነሳ ተመልሶ 127.0.0.53 ይሆናል።

የጻፋችሁት ሪዞልቭ-ኮንፍ ላይ ነው። ያንን ፋይል ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ ነው የሚጽፈው፤ 127.0.0.53 እሱ ራሱ ነው። እውነተኛውን ሰርቨር ኔትፕላን ውስጥ 10.77.0.10 ብላችሁ ስጡት፣ ከዚያ «ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ» ብላችሁ አረጋግጡ።

ቫይረስ ለመመርመር ላብ እየሠራሁ ነው። ኢንተርኔት ልስጠው?

አትስጡት። ቸርችልን ከዚያ ላብ አውጡት፣ የጋራ ፎልደሩንና ክሊፕቦርዱን ዝጉ። ፕሮግራሙ ስም ሲጠይቅ የሚመልስለት ነገር ካጣ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ምንም አታዩም። ለዚህ አይኔትሲም አለ፦ ለየትኛውም ስም የራሱን አድራሻ ይመልሳል፣ የድረ-ገጽም የኢሜይልም ሰርቨር መስሎ ይቀርባል፣ የተጠየቀውን ሁሉ ይመዘግባል። ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ያገኘ ይመስለዋል፤ እናንተ ማንን እንደፈለገ ታነባላችሁ።

ኢንተርኔት ጭራሽ ባልሰጠውስ?

ይቻላል፣ ዶሜይኑም ዲኤንኤሱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ አድርጉ፦ የዊንዶውስ ሰርቨር የሙከራ እትም 180 ቀን ይሠራል የሚባለው በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት አክቲቬት ከተደረገ ነው። ካልሆነ በየጊዜው ራሱን ማጥፋት ይጀምራል፤ ሰዉም መብራት ወይም ራም ነው ብሎ ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ እንደተጫነ ቸርችልን ለአጭር ጊዜ አስነሡ፣ አክቲቬት አድርጉ፣ ስናፕሾት ያዙ፣ ከዚያ ዝጉት።